እንቁላል በፍልሰታ

እሑድ፣ ሐምሌ 27

ስህተቱን ላርም። ጨጓራዬ ወጥቶ አልተጣለም። በፕላስቲክም አልተተካም። ካንሰርም የለብኝም። የሆነው ይህ ነው፦ በስኳሩና በክብደቱ ምክንያት አ.አ. ሄጄ ጨጓራዬን ቆርጠው አሳነሱት። የቀረው የአንድ ሙዝ ያህል ነው። ያም ቢሆን የራሴ ነው።

ወሬውን ያመጣችልኝ ጦይባ ናት፤ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ። ለቅሶ ቤት የተባለውን አንዱንም ሳታስቀር ዘረዘረችልኝ። ሌላም አለ ብላ ሳቀች።

«የከሳችው ልታገባ ነው ይላሉ።»

ማንን? አልኳት።

«እሱን ገና አልተስማሙበትም።»

ወደ ቁም ነገሩ። ከፋሲካ ማግስት ነው የተቆረጥኩት። ስኳሩ ወርዷል። ቀሚሶቼ ሁሉ ጠበው ተሰፍተዋል። ጉልበቴ አይጮህም። ድካሙ ግን አለ። ልብስ ዘፍዝፌ ሳላጥበው እተኛለሁ። ዶ/ሯ በስልክ፦ በየጠዋቱ በእግር መሄድ፣ ጥቂት በጥቂት መጨመር፣ በወረቀቱ ላይ ያለውን መብላት። ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ፣ ዓሣ፤ በትንሽ በትንሹ። ውሃ ከምግብ ጋር አይሆንም።

ልጄ መሠረት ደግሞ የራሷን ጨመረች። ለፍልሰታ በዓል ከአ.አ. ትመጣለች። እስከዚያ ብቻዬን በእግሬ ገበያ ሄጄ መመለስ ካልቻልኩ ቤቱ ይቆለፋል፤ እኔም ከእሷ ጋር እሄዳለሁ። ቤቷ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቱ የሚያየው ሌላ መስኮት ነው። ተስማምቻለሁ። የወረዳው ታይፒስት ሆኜ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ያልፈረምኩበት ቃል አልወጣኝም፤ የፈረምኩበትን ደግሞ አላፈርስም። ነገ ይጀመራል።

ሰኞ፣ ሐምሌ 28

ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። መሠረት የላከችው ስፖርት ጫማ፣ ከላይ የሐበሻ ቀሚስ። ጦይባ ሳትጠራ ተከተለችኝ፤ እጇ ላይ መቁጠሪያዋ፣ እግሯ ላይ ኮንጎ ጫማ። የእኔን ጫማ አይታ፣ ይሄስ ኳስ ሜዳ ነው የሚያስገባሽ አለች።

ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ አስፋልቱ ዳር ጭቃ ነው። ከዞብል ተራራ በኩል ሰማዩ ነጣ ብሏል። እስከ ወፍጮ ቤቱ ሄጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከድካሙ ይልቅ ያስቸገሩኝ ባጃጆቹ ናቸው። አሮጊት በእግሯ ስትሄድ አይቶ ዝም የሚል የቆቦ ልጅ የለም።

«እማማ፣ ይግቡ! ሂሳብ የለውም!»

እየሄድኩ ነው ስለው፣ አውቃለሁ፣ የት ነው የማደርስዎት ይለኛል። ስፖርት ነው አልኩት። ባጃጁን አቁሞ ሳቀ። አልተቀየምኩትም።

ተመልሼ ተኛሁ። እስከ ቀትር።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 30

ዛሬ ጾም ነው። ከቤት የወጣሁት ምንም ሳልቀምስ ነው። ወፍጮ ቤቱን አለፍኩ፤ እስከ ማሽላው ማሳ ጫፍ ደረስኩ። ማሽላው ወገቤን አልፏል። ስመለስ ዓይኔ ጨለም አለብኝ። የአየሩ እርጥበት ይሆናል።

ከቀትር በኋላ ሽሮ። ሦስት ጉርሻ ወረደልኝ፤ አራተኛው እምቢ አለ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። ከልጅነቴ ጀምሮ አንድም ዓመት አላጎደልኩም። ወልጄ አራስ በነበርኩበት ዓመት እንኳ ክርስትናው አልፎ ስለነበር ጾሜያለሁ። ደሴ አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለሁ፣ የተጀመረ ነገር ሳይጨረስ ከወንበር አይነሣም ነበር።

እና እንዲህ ወስኛለሁ፦ በማለዳ መንገዱ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን። ቅዳሴ ሲወጣ ምስር ወይም ሽሮ። እንቁላሉና ወተቱ እስከ በዓሉ ይቆያሉ። ወረቀቱ በፍልሰታም ብዪ አይልም። አትብዪም አይልም። ያን የጻፈው ሰው አላሰበበትም፤ የእኔ ጥፋት አይደለም።

ማንንም አልጠየቅኩም።

እሑድ፣ ነሐሴ 4

መንገዱ አጠረ። ወፍጮ ቤቱ ጋ እንኳ አልደረስኩም። በዚህ ሙቀት በረደኝ። ማበጠሪያው ላይ የቀረው ጸጉር ከራሴ ላይ ካለው የሚተናነስ አይደለም። (ማጋነን። ላርመው፦ ብዙ ነው።)

ጦይባ አየችኝና፣ እንደ ጠመኔ ነጥተሻል አለች። ስትናገር አትመርጥም።

መሠረት ደወለች። ትሄጃለሽ ወይ? በየቀኑ እሄዳለሁ አልኳት። እውነት። ትበያለሽ ወይ? ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ነው አልኳት። እሱም እውነት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ደስ አላለኝም።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6። ከቀትር በኋላ

ወደቅኩ። አይደለም፤ ተቀመጥኩ፣ ከዚያ መነሣት አቃተኝ። አስፋልቱ ዳር፣ ጭቃው ላይ። ጦይባ ከኋላ ነበረች። ያው የመጀመሪያው ቀን የባጃጅ ልጅ ደግፎ አስገባኝ። ዛሬ ሂሳብ የለውም ብሎ አልጮኸም። ቀስ ብሎ ነዳ።

ቤት ስንደርስ ጦይባ ጓዳዬ ገባች። እንቁላሉን አየች፤ ገዝቼ ያስቀመጥኩት እንዳለ ነው። የሽሮውን ድስት ከፈተች። ወጥታ ፊቴ ቆመች።

«ኧረ በአላህ! ሆድሽን አስቀድደሽ መጥተሽ ትጾሚያለሽ?»

ድምፅሽን ቀንሺ አልኳት።

«አልቀንስም። እኛ የታመመ ሰው ያፈጥራል፤ ሲሻለው ቀዷውን፣ ያጎደለውን ጾም፣ ያወጣል። የእናንተ እንዲህ የለውም?»

አለው አልኳት። የንስሐ አባት ተጠይቆ ይፈቅዳል።

«ጠየቅሽ?»

ዓይኔን ወደ ወረቀቱ አዞርኩ። ሻሿን አጠበቀች፣ ዣንጥላዬን ከበሩ ኋላ አነሣች። የት ልትሄጂ ነው ብላት፣ «የማትጠይቂ ከሆነ እኔ እጠይቅልሻለሁ፤ አብሽሪ» ብላ በዝናቡ ወጣች። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ታጠፈች። ላስቆማት ብዬ ተነሣሁ። እግሬ አልታዘዝ አለኝ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7

አባ መጡ። የንስሐ አባቴ ናቸው፤ በዕድሜ የመሠረት እኩያ። እኔ አንቱ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው አንቺ ይሉኛል፤ ሥርዓቱ ነው። ጦይባ ትናንት ቅዳሴው እስኪወጣ ቅጥሩ በር ላይ ዣንጥላ ይዛ ጠብቃ ነገረቻቸው። ዛሬም ዣንጥላውን ይዛ ከፊት ከፊታቸው መጣች። ሰፈሩ ሁሉ አየ።

መስቀል ተሳለምኩ። ተቀመጡ። የወረቀቱን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች አነበቡ።

«ወለተ ማርያም፣ ለምን አልጠየቅሽኝም?» አሉ በክርስትና ስሜ።

የሚሉኝን ስለማውቅ ነው አልኳቸው።

«ምን እላለሁ?»

ብዪ ይሉኛል።

«እንግዲያ የጾምሽው ለማን ነው?»

ጦይባ በሩ ላይ ሆና አሳለች። የጉንፋን ሳል አልነበረም።

ቀኖና ሰጡኝ። እስከ በዓሉ ድረስ በየቀኑ ጠዋት አንድ እንቁላል፣ ማታ አንድ ሲኒ ወተት። ረቡዕና ዓርብም ጭምር። በምትኩ ስግደት ይስጡኝ ብዬ ለመንኳቸው። በዚህ ጉልበትሽ? ብለው ሊስቁ ሲሉ ተዉት። ቀኖና ተቀባዩ አይመርጠውም አሉ። ትክክል ናቸው። አውቀዋለሁ።

ሌላም ጨመሩ፤ ይህኛው ነው የከበደኝ። በር ዘግቼ እንዳልበላ። ለምን? አስካለ ኦፕራሲዮን ሆና እንኳ ትጾማለች እየተባለ፣ በደብሩ የስኳር መድኃኒታቸውን የተዉ ሁለት ሴቶች አሉ። አንዷን አውቃታለሁ። እኔን አይታ ነው።

አባ ሲወጡ ጦይባን አመሰገኗት። «ምንም አይደል አባ፤ እምቢ ካለች እኔን ይላኩባት» አለች።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ደጃፉ ላይ፣ ዱካዬ ላይ ተቀምጬ። ጦይባ እንቁላሉን ላጠችልኝ። አፌ አልከፈት አለ። የበሰለ እንቁላል መሆኑን አውቃለሁ፤ ጉሮሮዬ ግን ነሐሴ መሆኑን ያውቃል። ነጩ እንደ ሳሙና ተንሸራተተ። አስኳሉ ላይ ስደርስ ያቺው መድኃኒቷን የተወችው ሴት ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስታልፍ ደረሰች። ሰላም አለችኝ። እጄን አየች። ዓይኗን አሸሸች።

ታምሜ ነው፤ አባ አዘውኝ ነው፤ አንቺም ጠይቂያቸው አልኳት። በሕይወቴ ለመንገደኛ ምክንያት አስረድቼ አላውቅም። ፊቴ ጋለ። እሷ ግን ቆመች። እውነት ይፈቅዳሉ? አለች።

ግማሹን በላሁ። ግማሹን ከቀትር በፊት።

እሑድ፣ ነሐሴ 11

ዓርብ ዶ/ሯ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ያልበላሁትን፣ ያልጠጣሁትን። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ደም እንድመረመር አዘዘች። ትናንት ክሊኒክ ሄጄ ነበር፦ ደሜ አንሷል። እንክብል ተሰጠኝ። ውጤቱን ስነግራት፣ ድካሙ በአንድ እንቁላል አይለቅም፣ ወራት ይወስዳል አለች። መንገዱን አታቋርጪ፣ ግን ሳይደክምሽ ተመለሺ አለች። ሳይደክምሽ። ይህን ከዚህ በፊት አልሰማሁም፤ ተብሎም ከሆነ አላዳመጥኩም።

የሆርማት ወንዝ ሞልቶ ሲጮህ አድሯል። ዛሬ እስከ ወፍጮ ቤቱ። ድንጋዩ ላይ ሳልቀመጥ ተመለስኩ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13

ቡሄ። ልጆቹ ጅራፍ ሲያጮሁ ነው የነቃሁት።

ገበያ ሄድኩ! ብቻዬን። ጦይባን ከቤት እንዳትወጣ አስጠንቅቄያት ነበር፤ በአጥሩ ቀዳዳ ታይ እንደነበር አውቃለሁ። የእህል ተራውን አልፌ ከሽንኩርት ሻጮቹ ጋ ደረስኩ። ሽንኩርት ገዛሁ፤ ያላስፈለገኝን፣ መድረሴን ለማሳየት። አንዷ ሻጭ አላወቀችኝም። ቆይታ፣ «እትዬ አስካለ! ግማሽዎት የት ሄደ?» አለች። አ.አ. ቀረ አልኳት። ተራው በሙሉ ሳቀ፤ እኔም።

መመለሱ። ግማሽ መንገድ ላይ እግሬ ሊከዳኝ ሲል ታወቀኝ። በፊት ብሆን ጥርሴን ነክሼ እቀጥል ነበር። ባጃጅ አስቆምኩ። ከፍዬ ገባሁ።

ስለዚህ፦ ሄጄ መመለስ ነው የተባለው። ሄድኩ። በእግሬ አልተመለስኩም። በቃሉ መሠረት ወድቄያለሁ።

ጦይባ መፍትሔ አላት። ባጃጁን ማን አየው? መሠረት ስትመጣ፣ በዓይኔ አየኋት፣ በእግሯ ሄዳ በእግሯ ተመለሰች እላታለሁ። «ወላሂ ብቻ እንዳታስብዪኝ እንጂ ሌላውን ለእኔ ተዪው።» አመሰገንኳት። አይሆንም አልኳት። ተኮሳትራ ሄደች። ማታ ግን ወተቱን ራሷ አፍልታ አመጣችልኝ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 15። ማታ

መሠረት ደሴ ደርሳለች፤ እዚያው ታድራለች። ጠዋት ትገባለች። ነገ በዓሉ ነው፤ ዓርብ ስለዋለ ግን ጾሙ የሚፈታው ቅዳሜ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ሽንኩርት እየከተፈ ነው። የእኔ ድርሻ ሁለት ማንኪያ ነው፤ ይበቃኛል።

ሳስብ ውዬ ይህን አገኘሁ። ስምምነቱን ስፈርም የተሳሳተውን ነገር ነው የፈረምኩት። መሠረት የፈራችው እግሬን አይደለም፤ ብቻዬን ወድቄ ማንም ሳያውቅ እንዳልቀር ነው። ወደቅኩ። ታወቀ። ከኋላዬ ጦይባ ነበረች፣ ከጎኔ ባጃጁ፣ በማግስቱ አባ። አራተኛ ፎቅ ላይ ማን ከኋላዬ ይሄዳል? እሷ ሥራ ትውላለች። እኔ መስኮቱን አያለሁ።

እዚህ የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ እኔ አለመጠየቄ።

ስለዚህ አልሄድም። ይህ ልመና አይደለም፣ ማሳወቅ ነው። ለእሷም እንዲሁ ይነገራል፤ አልለምንም፣ አልዋሽም።

ነገ መጀመሪያ የማደርገው፦

እንክብሉን መዋጥ፤ ከሻይ ጋር ሳይሆን።

መሠረት ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ሁሉንም መንገር። ጾሙን፣ መውደቁን፣ ባጃጁን። በዚህ ቅደም ተከተል። ብታለቅስ መጠበቅ።

ጦይባን ቁርስ ላይ መጥራት። መሠረት የጦይባን ቁጥር ትመዝግብ፤ በሚያስፈልግ ጊዜ ከእኔ በፊት እሷ ጋ ትደውል።

መሠረት ከመንገድ ድካሟ ስታርፍ አብረን እስከ ማሽላው ማሳ መሄድ። ቢደክማት መመለስ፤ ቢደክመኝም መመለስ።

የቤቱን ቁልፍ ብትጠይቅ፦ አንድ ተቀርጾ ይሰጣታል። ዋናው ከእኔ ጋር ይቀራል።