የአባባ የገመድ መንገድ

ለውድ ወንድሜ ለጦና ኤርካሎ፣

ሰላምታዬ ከዳሞታ ወርዶ፣ ሐይቆቹን ተሻግሮ ወንጂ ድረስ ይምጣልህ። ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህ ፈጠነችስ እንዴት ናት? ሕፃኑስ መዳኽ ጀመረ ወይ? እኛ በጌታ ቸርነት ደኅና ነን፤ ያስቸገረን ናፍቆትህ ብቻ ነው።

የአባባ ዓይን ጨርሶ እንደ ጨለመ በሰው ልከንብህ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከምሰሶው ሥር አልተነሣም። እጁን ይዘን እናውጣህ ስንለው፣ «እንደ ጥጃ አልጎተትም» እያለ እንቢ አለ። እህልም ቀነሰ። እማዬ እየተደበቀች ታለቅስ ነበር።

አንድ ቀን መምህራችን የአራት ማዕዘንን ዙሪያ ሲያስተምሩን፣ ሰሌዳው ላይ የሳሉት መስመር የእኛን ግቢ መሰለኝ። አባባ በነጩ መስመር ላይ ቀስ ብሎ ሲሄድ፣ ጥግ ላይ ሲደርስ ሲታጠፍ ታየኝ። መምህሩ ስሜን ደጋግመው ቢጠሩኝም አልሰማሁም።

ቤት እንደ ገባሁ ከደጃፋችን ፊት ያለውን ሣር ለካሁ፤ ርዝመቱ አርባ ክንድ፣ ወርዱ ሃያ አምስት። ጎረቤታችን ቦልቴ የእንሰት ቃጫ ሊገምድልኝ ተቀምጦ፣ «ሁለቱን ጎን ብቻ ለክተሽ የቀሩትን በምን አወቅሽ?» አለኝ። «ፊት ለፊት ያሉት እኩል ናቸዋ! አርባና ሃያ አምስት ስድሳ አምስት፣ ሁለት ጊዜ ሲሆን መቶ ሠላሳ። ለቋጠሮው ደግሞ ትንሽ ጨምርበት» አልኩት። እየሳቀ ገመደልኝ። ዙሪያውን ካስማ ተክለን ገመዱን በወገብ ቁመት ወጠርነው።

«ማንም አይጎትትህም፤ ገመዱን ይዘህ ብቻህን ትሄዳለህ» ብለው፣ አባባ ቅዳሜ ጠዋት ወጣ። ጉሙ ገና አልተነሣም። ገመዱን በጣቶቹ እየዳሰሰ ሲርቅ የደረበው ቡልኮ ብቻ ይታየን ነበር፤ ኋላ እሱም ጠፋ። እማዬ ልትጠራው ብላ አፏን በእጇ ያዘች። ጊዜው የቆመ መሰለኝ። ከዚያ በሌላው ጎን፣ ደረቱን ቀጥ አድርጎ፣ መዝሙር እያንጎራጎረ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። ደጃፉ ጋ ሲደርስ፣ «ግቢዬ እንዲህ ሰፊ ነበር እንዴ?» አለ።

አሁን በየቀኑ ይዞራል፤ እህልም ይበላል። ትናንት ለምሳ ብጠራው፣ «ቆይ፣ መንገድ ላይ ነኝ» አለኝ። «ወዴት ነው?» ብለው፣ «ጦና ዘንድ። ልደርስ ትንሽ ቀርቶኛል» ብሎ ጥጉን ታጠፈ።

እማዬ አንገትህን አቅፋ ትስምሃለች። ቦልቴም እጅ ይነሣል። ፈጠነችን ሰላም በልልኝ፤ ሕፃኑን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ።

እህትህ ሰገነት ኤርካሎ
ሶዶ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1954 ዓ.ም.