ከማሊያው ላይ የወጣው ነጭ ጥብጣብ

ለታናሽ ወንድሜ፤

እንዴት ሰነበትክልኝ? ጉልበትህ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ደረጃ ያስወጣህ ጀመር? ባለቤትህና የልጅ ልጆችህስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ማለቴ እስከ ማክሰኞ ድረስ ደህና ነበርኩ።

ማክሰኞ የአዲሶቹ ማሊያዎች ሳጥን ደረሰ። አርባ ዓመት እንደለመድኩት መቀሴን፣ መርፌዬንና አንድ ጥቅል ነጭ ጥብጣብ ይዤ ወደ ትጥቅ ክፍሉ ወረድኩ። አንዱን አውጥቼ ብዘረጋው ጥቁር ነው። የኛ ኮሌጅ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን እኮ ቡኒ ነው የሚለብሰው፤ ከወንዙ ማዶ ያሉት ተጋጣሚዎቻችን ጭቃ ለባሾች እያሉ ሲሰድቡን የኖሩት በምን ሆነና? እሺ፣ ቀለሙን ተውኩት። ጨርቁ እንደ ዋና ልብስ ገላ ላይ የሚጣበቅ፣ እጅጌ የሚባል ነገር የሌለው፣ ቁጥሩም በሙቀት የተለጠፈ ነው። መርፌ ሳስነካው ተተረተረ።

ለውጥ የምጠላ አሮጊት እንዳልሆንኩ አንተ ታውቃለህ። አባዬ የትጥቅ ክፍሉ ኃላፊ ሳለ የነበረው የሱፍ ማሊያ ዝናብ ሲጠጣ ልጆቹ መሮጥ ሲያቅታቸው አይቻለሁ። ናይሎኑ ሲመጣ እሰየው ብያለሁ። ከዚያ ተከላካይ ሲጎትተው እንዲቀደድ ተብሎ የተሠራው ስስ ማሊያ መጣ፤ በየጨዋታው ግማሹን እየጣልን ግማሹን ስንጠግን ከረምን። ከዚያ ደግሞ አየር የሚያስገባው ቀዳዳ ቀዳዳው መጣ። እጅጌው ከክርን ወደ ትከሻ እያጠረ ሲሄድ እኔም ጥብጣቤን እያሳጠርኩ ተከተልኩት። አንድም ቀን አላጉረመረምኩም።

ጥብጣቡን ፋብሪካ ሠርቶት አያውቅም። ዌንዴል ሜዳ ላይ የሞተብን ዓመት እማዬ በግራ እጅጌ ላይ በእጇ ሰፋችው፤ ዓይኗ ሲደክም እኔ ተቀበልኳት። ወንድማችን ማን እንደነበር የማያውቁት ልጆች እንኳ ሜዳ ከመግባታቸው በፊት በጣታቸው ይነኩታል።

ባለፈው የምስጋና ቀን፣ እዚሁ ቤቴ፣ የቱርክ ዶሮውን እየቆረጥክ ምን አልከኝ? አይዞሽ፣ የቡድኑ ኮሚቴ ውስጥ እኔ እያለሁ ጥብጣቡን ማንም አይነካውም አልከኝ። ማክሰኞ ስደውልልህ ደግሞ ማሊያውን የሠራው ኩባንያ እምቢ አለን፣ ምን እናድርግ አልከኝ። ድምፅህ ተሰብሮ ስሰማ ጭራሽ አንተን ማጽናናት ጀመርኩ። ሞኝ ነኝ።

ረቡዕ ዶሪን፣ የስፖርት ክፍሉ ጸሐፊ፣ ንድፉን አሳየችኝ። ኩባንያው ጥብጣቡን ከጨርቁ ጋር አብሮ ሸምኖት ነበር ለካ፤ ትከሻው ላይ፣ ቆንጆ አድርጎ። በላዩ ላይ በእስክሪብቶ ተሰርዞ «ይውጣ» ተብሎ ተጽፎበታል። ከጎኑ ፊርማህ አለ። ዶሪን ፊቴን ስታይ ደነገጠች። አንቺም የተስማማሽበት መስሎኝ ነበር፣ ወንድምሽ ቤተሰቡ ተስማምቷል ብሎ ነው የነገረን አለችኝ።

ከዳኸኝ። ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ከዚያ ለምን ይሆን ብዬ ቁጭ አልኩ። ዌንዴል የሞተው የተጫዋቾቹ የራስ መከላከያ ሄልሜት ከቡኒ ወደ ነጭ በተለወጠበት መከር ነው። ለቀድሞ ተማሪዎች በዓል ጨዋታ አዲሶቹ ነጮች አልደረሱም። አባዬ ቡኒዎቹ ይቆዩ፣ ማንም እንዳይቀባቸው፣ የጋራዥ ቀለም ፕላስቲኩን ይበላዋል ብሎ አስጠንቅቆ ወደ አክስታችን ቀብር ሄደ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ሁሉም ሄልሜት ነጭ ሆኖ ተደርድሮ ተገኘ፤ ሰዉ ፋብሪካው የላካቸው መስሎት አጨበጨበ።

አባዬ የደረሰው ዌንዴል በቃሬዛ ከወጣ በኋላ ነው። የተሰነጠቀውን ሄልሜት እያገላበጠ፣ ማን ነው የቀባው ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። ከመጋዘኑ ጆንያ ሥር ያገኘሁትን የቀለም ጣሳ ወንዝ ውስጥ የጣልኩት እሱ ከመምጣቱ በፊት ነው። በማግስቱ አባዬ የቀባሁት እኔ ነኝ ብሎ ለኮሌጁ ጻፈ፤ ሥራውንም ለቀቀ። የመጋዘኑን ቁልፍ ለማን ሰጥቶ እንደሄደ እኔም አልጠየቅኩት፣ እሱም አልነገረኝም።

እኔ ያንን ጥብጣብ ለዌንዴል እንጂ ቁልፉ በእጁ የነበረውን ልወቅስበት ብዬ ሰፍቼው አላውቅም። አንተ በየቅዳሜው ስታየው ምን ይሰማህ እንደነበር ያሰብኩት ገና አሁን ነው፤ በዚህ በኩል እኔም ጥፋተኛ ነኝ። ግን ልትነግረኝ ትችል ነበር። እህቴ፣ ይበቃል፣ አቁሚልኝ ብትለኝ መቀሱን ራሴ አነሳ ነበር። አንተ ግን ለሰው ተስማማች ብለህ፣ ለኔ እምቢ አሉን ብለህ፣ በሁለቱም ወገን ዋሸህ።

ከደብዳቤው ጋር አንድ ወረቀት አለ። ሁለታችን ፈርመን ከጠየቅን ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ጥብጣቡ ይመለሳል ተብሏል። እኔ ፈርሜያለሁ። መፈረም ካቃተህ ባዶውን አትመልሰው፤ ከስሜ ሥር ምክንያቱን በራስህ እጅ ጻፍልኝ። ለማንም አላሳይም። እሱን ካገኘሁ ማሊያው እንዳለ ይቅር፣ ሁለተኛ አላነሳውም።

የላይኛው ጌታ የሰላም እንቅልፍ ይስጥህ። ልጆችህን ይጠብቅልህ፣ ቤትህን አይፍታው። የቀረኝ ወንድም አንድ ነው፤ መልስህን እጠብቃለሁ።

ያኔም ዛሬም ያንተው
እህትህ