አባቴ መትቶኝ አያውቅም

አንቺ ሰሌዳው ፊት የቆምሽው፣ አንተም ከኋላዋ አንገትህን ያሰገግከው፣ ማን እንደሞተ ልታነቡ ከሆነ ዛሬ አዲስ ለቅሶ የለም። ይሄ የአምናው ለቅሶ ነው። የእድሩን ሰሌዳ ያለ ፈቃድ ለጠፈችበት ብላችሁ ከመቅደዳችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡት። ደብዳቤው ለአባቴ ለግርማ ነው። መልስ የምጠብቀው ግን ከዚህ ሰፈር ነው፤ ምክንያቱም እሱ ሲሞት ድንኳን ውስጥ ተቀምጣችሁ ስታወሩ የነበረው እናንተ ናችሁ።

አባዬ፣

ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ሰላም ነህ ወይ ብዬ አልጀምርም። በሕይወት እያለህ ሰላምህን የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ አሁን በየትኛው አፌ እጠይቅሃለሁ።

ካዛንቺስ ግማሹ ፈርሷል። ቅዳሜ የምንገናኝበት የቀበሌው ጽሕፈት ቤትም የለም። ቦታው በቆርቆሮ ታጥሯል፣ ሆቴል ይሠራበታል ይላሉ፣ እስካሁን ግን ሣር ብቻ ነው የበቀለበት። እማዬና እኔ እዚያው ጓሮ በኩል ያለችው ክፍል ውስጥ ነን፣ እኛ ጋ ገና አልደረሱም። ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ መውጣት አትችልም። እኔ ፍርድ ቤቱ አጠገብ በአንዲት ጠባብ ቤት ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ማመልከቻ እተይባለሁ። በምላሷ ጠበቃ ትሆናለች ሲሏት የነበረችው ልጅ አሥረኛ ክፍል ላይ ውጤት አልመጣላትም፣ በቃ። ሕግ የተማርኩት እያባዛሁ ነው። ባለጉዳዩ ገጹን ይቆጥራል፣ እኔ አነባለሁ።

ሥራ የምሄደው በዚያ በቆርቆሮው አጥር በኩል ነው። በአዘቦት ቀን ምንም የለውም። ቅዳሜ ከሆነ ግን፣ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ከቆርቆሮው ወዲያ ማስቲሽ ይሸተኛል። እጅህ ላይ የነበረው ማስቲሽ፣ የመኪና ወንበር ስታለብስ ውለህ በሳሙና የማይለቅህ። እንደሌለህ አውቃለሁ፣ እብድ አይደለሁም። ግን ቀዳዳ ፈልጌ አያለሁ። ሣር ነው። ቆሜ እጠብቃለሁ፣ ሰው ምን ጠፋብሽ እስኪለኝ ድረስ። ሌላ መንገድ ሞክሪ አሉኝ፣ ሞከርኩ፤ በኦሎምፒያ ዞሬ ስሄድም ሸተተኝ።

እስቲ ከመጀመሪያው ልንገርህ፣ አንተ ያላየኸውን።

ለምን እንደተፋታችሁ ዛሬም አላውቅም። እማዬ ስትጠየቅ አልተስማማንም ነው የምትለው። ይሁን፣ ሰው ይፋታል። ችግሩ የመጣው እኔ ከማን ጋር ልኑር ሲባል ነው። ሰባት ዓመቴ ነበር። ግቢያችን ውስጥ ደግሞ ሕግ አዋቂ ነበሩን፣ እትዬ አስካለ። አንድ ጊዜ በቀበሌ ቤት ጉዳይ ተከራክረው ስለረቱ ከዚያ ወዲህ የማይፈርዱበት ነገር አልነበረም። እማዬ እያለቀሰች ስትመጣ እትዬ አስካለ እንዲህ አሏት፦ ልጅ እስከ አምስት ዓመቱ ለእናት ነው፣ አምስት ካለፈው ለአባት ነው፣ ሕጉ ነው፣ የእህቴን ጉዳይ በዓይኔ አይቻለሁ። መውጫው አንድ ብቻ ነው፣ ልጅቱ ራሷ እፈራዋለሁ ካለች የየትኛው ዳኛ አንጀት ይጨክናል።

ከዚያ አስጠኑኝ። ሦስት ቀን፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ። እትዬ አስካለ ዱካ ላይ ተቀምጠው ዳኛ ይሆናሉ፣ እኔ ፊታቸው እቆማለሁ። ጮክ በይ፣ ዳኛ ሹክሹክታ አይሰማም ይሉኛል። እጅሽን አታፍተልትዪ፣ የተጠና ይመስላል ይሉኛል። እማዬ እዚያው ልብስ ታጥባለች። ቀና አላለችም። ተዉም አላለችም። እኔ የወላጆች በዓል ግጥም መስሎኝ ነበር አባዬ፣ እውነቴን ነው። በቃሌ ስወጣው ደስ ብሎኝ ነበር።

ዳኛዋ ቢሮዋ ውስጥ ለብቻዬ አስገባችኝ። ደግ ሴት ነበረች፣ ስለ ትምህርቴ ጠየቀችኝ፣ ማን ፀጉርሽን ሠራሽ አለችኝ። ከዚያ ከአባትሽ ጋር እንዴት ናችሁ ስትለኝ፣ አባዬን እፈራዋለሁ፣ ጠጥቶ ሲመጣ በቀበቶ ይመታኛል አልኩ። ሳልደናቀፍ። ከዚያ የምታጨበጭብ መስሎኝ ቆሜ ጠበቅኩ።

አንተ ቀበቶ አልነበረህም። በሳምንት ስድስት ቀን ቱታ ለባሽ ነህ፣ ሰባተኛው ቀን ሱሪህን የምታጠብቀው በወንበር መስፊያ ክር ነው። ይሄን ግቢው በሙሉ ያውቃል። ዳኛዋ ከየት ታውቃለች?

ውሳኔው እንደተፈለገው ሆነ። እኔ ከእማዬ ጋር እንድኖር፣ አንተ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ቀበሌ እየመጣህ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ ባለችበት እንድታየኝ። ይግባኝ በል አሉህ፣ አላልክም። እትዬ አስካለ ታዲያ፣ ጥፋቱን ቢያውቅ ነው ዝም ያለው አሉ። ሰፈሩም ያንን ያዘ።

ቀበሌ ስትመጣ የአግዳሚው ወዲያኛው ጫፍ ላይ ትቀመጥ ነበር። በመሃላችን ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ። እጆችህን ጭንህ ሥር ታስገባለህ። ድምፅህን ዝቅ አድርገህ፣ ትምህርት እንዴት ነው ትላለህ። አግዳሚው ስለሚጎረብጥ ከመኪና ወንበር ትርፍራፊ ቀይ መከዳ ሰፍተህልኝ በፌስታል ይዘህ ትመጣለህ፣ ስትሄድ ይዘኸው ትሄዳለህ። እኔ እጅህን የደበቅከው ብርድ ይሆናል እል ነበር። ማለቴ፣ ልጅ ነኝ፣ ምን አውቃለሁ።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ፈተና አለብኝ ብዬ ቀረሁ። ጓደኞቼ ቀበሌ የሚታየው አባትሽ ነው ወይ ይሉኝ ነበር፣ አፈርኩ። የዚያን ቅዳሜ ቀረሁ፣ የሚቀጥለውንም ቀረሁ። አንተ ግን ትመጣ እንደነበር ሠራተኛዋ ለእማዬ ነግራታለች። እማዬ ለእኔ አልነገረችኝም፣ የሰማሁት ከቀብርህ በኋላ ነው።

አንድ ጊዜ ሜክሲኮ አየሁህ። የቄራ ታክሲ ሰልፍ ነበር፣ ከፊቴ አራት ሰው አልፎ ቆመሃል። ዞር ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። በጭንቅላትህ ሰላም አልከኝና ተራህን ትተህ ወጣህ፣ ሄደህ ከሰልፉ መጨረሻ ቆምክ። እኔ ጠላኝ አልኩ። ስንት ዓመት ሙሉ ጠላኝ እያልኩ ኖርኩ።

ከዚያ ሃያ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ አንድ ባለጉዳይ የቤተሰብ ሕጉን ይዞ መጣ፣ አባዢልኝ ብሎ። ማሽኑ እየሠራ አምስት ዓመት የሚለውን ፈለግኩ። የለም። ደግሜ ፈለግኩ። የለም። ዳኛው የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤና፣ አኗኗር ያያል፣ የልጁን ዕድሜና ጥቅም ያያል፣ ይላል። በቃ። አምስት ዓመት የሚለው የድሮው ሕግ ነው፣ እሱም ቢሆን እስከ አምስት ለእናት አለ እንጂ ከአምስት በኋላ ለአባት አላለም። እኔ ዳኛዋ ፊት ስቆም አዲሱ ሕግ ወጥቶ ነበር። ግቢያችን ብቻ ነው ያልደረሰው።

ማለት ባልዋሽም ኖሮ እማዬ ጋ ልቀር እችል ነበር። አንተም ቤትህ ወስደህ ታሳድረኝ ነበር። ለሞተ ሕግ ብዬ ነው አንተን ቁመህ እያለህ የገደልኩህ።

አሁን ሰው ይመጣል፣ በየቀኑ ይጠይቀኛል። አምስት ዓመት ካለፈው ለአባት ነው አይደል ይሉኛል፣ ዛሬም። አይደለም እላለሁ። ደመወዝ የለኝምና ልጄን ይነጥቁኛል ትለኛለች አንዷ፤ ገቢ ብቻውን አይወስንም፣ ልጁ አባቱ ጋ ባይኖርም አባትየው ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለበት እላታለሁ። ቀለብ ስላቆመ ልጁን አላሳየውም ትላለች ሌላዋ፤ አትችዪም፣ ቀለቡን በፍርድ ቤት ጠይቂ፣ ልጁን አሳዪ። ወንዱም ይመጣል፣ አላሳየችኝምና ቀለብ አቆማለሁ ይላል፤ አንተም አትችልም፣ ልጁ መያዣ ነው እንዴ። ሽማግሌ ፊት ተፈራርመን ተፋተናል የሚሉ አሉ፤ ፍቺ በፍርድ ቤት ነው፣ ሂዱ። ውሳኔው ካለቀ አለቀ ወይ ይላሉ፤ አላለቀም፣ ሁኔታ ከተለወጠ እንደገና ይታያል። ይሄን ይሄን በአንድ ትንፋሽ ነው የምለው፣ የሰፈር ጠበቃ ይሉኛል። ግን ልጅ ይዘው ሲመጡ፣ እናትየው ጎንበስ ብላ በልጅቷ ጆሮ የሆነ ነገር ስትላት ሳይ፣ የሰባት ዓመቷ ልጅ ድምፅ ከማሽኑ ውስጥ ይወጣል፣ ጮክ ብላ፣ ሳትደናቀፍ።

እውነቱን ካወቅኩ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ አባዬ። ይሄን ማንም አላስጠናኝም፣ የራሴ ነው። ሁለት ጊዜ ቄራ ሱቅህ በር ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ። ጎንበስ ብለህ ስትሰፋ ጀርባህን አይቼ። ሦስተኛውን ስመጣ ኩላሊትህ ቀደመኝ።

ድንኳኑ ውስጥ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ ሲያወሩ ሰማሁ። ልጁን ይገርፍ የነበረው ነው አይደል አለች አንዷ። አዎ፣ አታያትም እንዴ፣ እንባ እንኳ አልወጣትም፣ አለች ሌላዋ። ነፍሮውን እየቆረጠሙ። ዞሬ አላየኋቸውም፣ ድምፃቸውን ግን አውቀዋለሁ፣ እነሱም ዛሬ እዚህ ሰሌዳ ፊት ይቆማሉ።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲፈርስ ጋሽ ሸምሱ ጠሩኝ። ካንተ ጋር ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ሲሰፉ የኖሩት ጋሽ ሸምሱ። አንቺ ልጅ፣ አላህ ያውቃል ለክፋት አይደለም አሉኝ፣ ግርማ መትቶሽ ያውቃል? አያውቅም አልኩ። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

ከዚያ ነገሩኝ። ከፍርድ ቤቱ በመጣህ ሳምንት መጠጥ እርም ብለሃል። የቅዳሜ ሁለት ቢራህን፣ ሌላ የምትጠጣው አልነበረህም። ሸምሱ፣ ጠጥቼ መትቻት ረስቼው ይሆን ትላቸው ነበር። እንዴት ትረሳዋለህ፣ ደግሞስ ቀበቶ የት አለህ ሲሉህ፣ ልጄ አትዋሽም፣ ቀበቶ የመሰላት የወንበር ጠፍር ይሆናል አልካቸው። ልጄ አትዋሽም። ሱቅ ውስጥ ጠፍር ስትቆርጥ እጅህን እያየህ ትቆም ነበር አሉኝ። ሜክሲኮ ሰልፉን የለቀቅከው እንዳልፈራህ ነው። ቀበሌ እጅህን ጭንህ ሥር ያስገባኸው እንዳልፈራህ ነው።

እኔን አመንክ አባዬ። ከራስህ ይልቅ እኔን። በቀረልህ ዕድሜ ሁሉ ያላደረግከውን ነገር ለማስታወስ ስትሞክር ኖርክ።

እትዬ አስካለ ጋ ሄድኩ። አርጅተዋል። ሕጉ እንደዚያ ነው ብለውኝ ነበር ልጄ አሉ፣ እኔ ለእናትሽ ብዬ ነው አሉ። ወረቀቱን አሳየኋቸው፣ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። እሳቸው ተሳስተዋል፣ ግን ያመኑትን ነው የተናገሩት። በሰው ፊት እሱንኑ እናገራለሁ ብለውኛል።

የእድሩ ሊቀመንበር ደግሞ የሞተ ሰው ጉዳይ በአጀንዳ አንይዝም አሉኝ። እድር ሌላ የማንን ጉዳይ ይዞ ያውቃል?

የቀረችው እማዬ ናት። ስነግራት አለቀሰች። እኔ ስሞት ጻፊው አለችኝ፣ በሰፈሩ ፊት አታዋርጂኝ፣ ለአንቺ ብዬ ነው። እወዳታለሁ አባዬ። ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ ጉልበቷን የማሽላትም እኔ ነኝ። ግን አንድ ሰው ሞቶ እስኪያልቅ ጠብቄ ምን እንዳገኘሁ አይቻለሁ።

ላንተ የምገባልህ ቃል ይሄ ነው፦ ሕግ ሊጠይቀኝ ለመጣ ሁሉ፣ ልጅ ይዞ ከሆነ በተለይ፣ መልሱን ከነገርኩ በኋላ ስምህን ጠርቼ ያንተን ነገር እነግረዋለሁ። ባለጉዳይ እስካለ ድረስ ስምህ አይረሳም።

እማዬ፣ አሁን ላንቺ ነው። ይሄን ሰው እንደሚያነብልሽ አውቃለሁ። እሑድ ጠቅላላ ጉባኤ አለ፣ ስም ከተጠራ በኋላ መጀመሪያ የምነሳው እኔ ነኝ። ዋሽቻለሁ እላለሁ፣ ካወቅኩ በኋላም አንድ ዓመት ዝም ብያለሁ እላለሁ። ከዚያ አንቺ ትነሻለሽ። እኔ እደግፍሻለሁ። አስካለ ናት አትበዪ፣ ሕጉ ነው አትበዪ፣ ለአንቺ ብዬ ነው አትበዪ። አንድ ነገር ብቻ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ጮክ ብለሽ መልሺ፦ አባቴ መትቶኝ ያውቃል?