ካቸሩን የመስጠት ሐሳቤ

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 13

የቤዝቦል ቡድናችን ዘንድሮም ዊንተሩን ተጫዋች ሳይለዋወጥ እጁን አጣጥፎ ሊያሳልፈው ነው። ፈሪዎች! እኔ ብሆን ኳስ የሚቀልበውን ሽማግሌውን ካቸራችንን ለሌላ ቡድን ሰጥቼ በምትኩ ኳስ የሚወረውር ጠንካራ ፒቸር አመጣ ነበር። ባለቤቴ ሂሩት ከሆስፒታል ሥራዋ ስትመለስ ይህንኑ ነገርኳት።

በረዶ የያዘውን ጫማዋን እያወለቀች፣ «ያንን ኳስ ሲያመልጠው የሚስቀውን?» አለችኝ።

«አዎ። ጉልበቱ እኮ አልቋል።»

«እሱ ከሄደ ጨዋታውን ብቻህን እይ» ብላ ኪችን ገባች።

የጨዋታውን ሕግ እስከ ዛሬ አታውቅም። ሰመሩን ሙሉ ግን ሶፋው ላይ እግሯን ጭኔ ላይ ዘርግታ አብራኝ የምታየው እሱን ብላ ነው። ጨዋታ ከሌለ እሷ በስልኳ፣ እኔ በስልኬ ነን።

ፒቸር ያስፈልገናል፤ እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ካቸሩን ግን አልሰጥም። ፈሪ ይበሉኝ።