ወይዘሮ ሜቲ ጉታ፦ ሳያረጋግጡ ያልፈረሙ

ወይዘሮ ሜቲ ከአባታቸው ከአቶ ጉታ ያደሳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደሜ በ1961 ዓ.ም. ሳንሱሲ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው ጀምረው በላቦራቶሪ ሙያ ተመረቁ። በ1987 ዓ.ም. ከአቶ ገዳ ጋር ትዳር መሥርተው ቦንቱንና ማራናታን ወለዱ። ኑሯቸውም ኮልፌ ሆነ።

ሥራቸው ቫይረስ ማደን ነበር። ቫይረስ ሕያው ሴል ካላገኘ አይራባም። ስለዚህ ሴሎችን በጠርሙስ እየመገቡ፣ በሰውነት ሙቀት ልክ እያሞቁ ያሳድጋሉ፤ የበሽተኛውን ናሙና ይጨምሩበትና በማይክሮስኮፕ እያዩ ይጠብቃሉ። ሴሎቹ ከረገፉ ቫይረስ ተጠረጠረ ማለት ነው። በዓል እንኳ ቢሆን ሴሎቻቸውን ሳያዩ ስለማይውሉ፣ ቤተሰቡ «እንቁላል የታቀፈች ዶሮ» እያለ ያሾፍባቸው ነበር።

በ2005 ዓ.ም. የጎረቤታቸው የአቶ ረሻድ ልጅ፣ የአራት ዓመቱ አዩብ፣ አንድ እግሩ በድንገት አልታዘዝ አለው። ፖሊዮ ነው ተባለ። ወሬ መች እግር ያጣል! ሰዉ ልጆቹን ሰበሰበ፤ ከረሻድ ሱቅ መግዛት ተወ። አከራዩም ፖሊዮ ከሆነ ቤቱን እንዲለቁ ቁርጡን ነገሯቸው። ከአዩብ የተወሰደው ናሙና ደግሞ ዞሮ ዞሮ ወይዘሮ ሜቲ እጅ ገባ።

ሴሎቹ ረገፉ። አለቃቸው ውጤቱን ቶሎ ፈርመው እንዲያስረክቡ አጣደፏቸው። እሳቸው ግን ናሙና ያልነካው የማነጻጸሪያ ጠርሙስም አብሮ መርገፉን አይተዋል፤ ገዳዩ ቫይረስ ይሁን የተበላሸ የሴል ምግብ አይለይም። አልፈርምም ብለው በአዲስ ሴል እንደገና ጀመሩ። በዚያ ሰሞን የአዩብ እናት ወይዘሮ ዙቤዳ በር ላይ ጠብቀው «ሜቲዬ፣ ክፉም ቢሆን ንገሪኝና ልረፍ» ቢሏቸው፣ «አላውቅም ዙቤዳ፤ ሳላውቅ በልጅሽ አልፈርድም» ብለው እያለቀሱ ገቡ። ሰፈሩም «ደብቃ ነው» ብሎ አማቸው፤ እዚህ የቆማችሁ ታስታውሳላችሁ።

አዲሶቹ ሴሎች እስከ መጨረሻው ደህና ሆኑ። ቫይረስ አልነበረም። ያን ጊዜ ፈረሙ። አዩብን ለማንከስ የዳረገው ሌላ ሕመም ነበር፤ እግሩ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልዳነም። ቤተሰቡ ግን ከቤቱ አልወጣም።

ወይዘሮ ሜቲ ባደረባቸው የጉበት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ዐረፉ። ከኋላቸው የቀሩትን ራሳቸው ተናግረው አስጽፈዋል፤ አንድም ስም እንዳይነካ አዘዋል፦ ባለቤታቸው አቶ ገዳ፤ ልጆቻቸው ቦንቱ፣ ማራናታ እና አዩብ ረሻድ።

የፈጠራቸው አምላክ ነፍሳቸውን በሰላም ይቀበል፤ ለሦስቱም ልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥ።