ነጭ ቀለም በጥቁር ካናቴራ

ሐሙስ፣ ግንቦት 8
ደሬ ወንድሜ፣ የካናቴራ ማተሚያ ፍሬምህን ነካሁት። “እጅህን እሰብረዋለሁ” ትለኝ አልነበር? ና ስበረው።

ጓደኛህ ሰይፉ ሠላሳ ጥቁር ካናቴራ አምጥቶ ጠረጴዛህ ላይ ከመረ። እሁድ ለአርባህ ፎቶህን ላትምበት ነው። “ከኋላው ‘መቼም አንረሳህም’ በልበት” አለኝ። ከሰልስትህ ወዲህ ገና ዛሬ መምጣቱ ነው። እማዬን ከበር ላይ “እንዴት ዋሉ” ብሎ ተመለሰ።

ሁለት መንገድ አለ።
በወረቀት፦ ፎቶ ቤቱ ያትመዋል፣ እኔ በካውያ እተኩሰዋለሁ። የመልክህ ቀለም ሁሉ ይወጣል። ሦስቴ ከታጠበ ግን ይሰነጣጠቃል።
በፍሬም፦ አንድ ቀለም ብቻ። ግን ካናቴራው እስኪያልቅ አይለቅም።

ፊትህ ሲቀረፍ ማየት አልፈልግም። ፍሬሙን ደግሞ አልችልበትም። ቆሜ ከማየት በቀር መቼ አስነካኸኝ?

አርብ፣ ግንቦት 9
ትምህርት ቤት ቀረሁ። ወረቀቱን ሞከርኩት፤ ጥቁሩ ላይ ምንም አይታይም። ለነጭ ካናቴራ ብቻ ነው ለካ። ሰይፉን ካናቴራውን በነጭ እንለውጠው ስለው፣ “አንተ ልጅ፣ ሐዘን ነው ወይስ ጥምቀት?” ብሎ ሳቀብኝ።

እንግዲህ በፍሬም ነው። ፍሬሙ ላይ የተወጠረው ስስ ጨርቅ ላይ ተቀብቶ በፀሐይ የሚጠነክረው መድኃኒት ለአንድ ጊዜ የሚበቃ ብቻ ቀርቷል። አዲስ አበባ የሄድከው እሱን ልትገዛ ነበር። ጀማ ቁልቁለት ላይ መኪናው የተገለበጠውም ያን ቀን ነው። ለአንድ ጠርሙስ መድኃኒት!

ቅዳሜ፣ ግንቦት 10
እንዳየሁህ አደረግኩ። ፎቶህን በጥቁርና ነጭ አሳተምኩ፣ ብርሃን እንዲያሳልፍ ወረቀቱን ዘይት ቀባሁ፣ መድኃኒት የጠጣው ጨርቅ ላይ አስተኝቼ መስተዋት ጫንኩበትና ፀሐይ ላይ አወጣሁት። ሳጥበው መልክህ ጨርቁ ላይ ወጣ። ብቻዬን ጮህኩ።

ከዚያ አንዱ ካናቴራ ላይ በነጩ ቀለም አተምኩ። ፍሬሙን ሳነሳው ፀጉርህ ነጭ፣ ፊትህ ጥቁር። ለካ ቀለሙ የሚያልፈው ፎቶው በጠቆረበት ነው።

ፎቶ ቤቱን ሁልጊዜ “ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር አድርግልኝ” የምትለው ለዚህ ኖሯል። እኔ አላልኩም። ሌላ መድኃኒት ደግሞ የለም።

ሰይፉ ካናቴራውን አንስቶ አየና፣ “ሽማግሌ አደረግኸው እኮ! የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ! ይጣል ይሄ!” አለ። እውነቱን ነው።

እማዬ ከእጁ ወሰደችው። ወደ መስኮቱ ይዛው ሄዳ በብርሃኑ አየችው።
“ሸበተልኝ” አለች። ቆይታ ደግሞ፣ “ተወው ልጄ። ሸብቶ ልየው።”

ሠላሳውንም አተምኩ። ከኋላው ምንም አልጻፍኩም።

እሁድ፣ ግንቦት 11
ሁሉም ለበሱት። ሰይፉም ለበሰ።

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ የማላውቃቸው አንድ አባት ደረቴን አይተው፣ “ታድለዋል፣ ዕድሜ ጠግበው ነው የሄዱት” አሉኝ። “አዎ አባባ” አልኳቸው። ሰይፉ አጠገቤ ነበር፤ አንገቱን ደፋ። ዛሬ ደስ ያለኝ ነገር ቢኖር እሱ ነው። ይቅር ይበለኝ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 13
ለሐዘኑ መጥታ የሰነበተችው እማዬ ትናንት ወደ ገጠር ተመለሰች። ከነጠላዋ ሥር አንተን ለብሳ ነው የሄደች። ዛሬ ብቻዬን ነጋልኝ።

የትምህርት ቤታችን ኳስ ቡድን ማሊያው ላይ ቁጥር እንዳትምለት ይፈልጋል። ቁጥር ከወረቀት ተቆርጦ ስለሚሠራ መድኃኒት አይፈልግም። ፍሬሙ ግን ባዶ መሆን አለበት። ያለን ደግሞ አንድ ፍሬም ነው።

የጠነከረውን መድኃኒት የሚያስለቅቅ በረኪና ገዛሁ። መጀመሪያ ግንባርህ ሄደ፣ ከዚያ ጉንጭህ። አገጭህ አልለቅ አለኝ፤ በጥርስ ብሩሽ ፈተግኩት። ያጠብኩበትን ውሃ በሳህን ይዤ ደጅ ልደፋ ወጣሁና ሰው የሚረግጠው ቦታ ሆነብኝ። ሳህኑን እንደያዝኩ ብዙ ቆምኩ። በመጨረሻ ከአጥሩ ጥግ፣ ማንም የማይሄድበት ጋ አፈሰስኩት።

ፍሬሙን ፀሐይ ላይ አቆምኩት። ሲደርቅ ወዲያ ማዶ ያለው መንገድ በጨርቁ ውስጥ አልፎ ይታያል። አንደኛው ክፍለ ጊዜ አልፎኛል። ለሁለተኛው እሮጣለሁ።