ስለ ፎሬ ሙሉ ሥራዎችና ስለ ተቆለፈው ፒያኖ የሰጠሁት ቃል

እኔ ወይዘሮ ፀዳለ ወልደ ሰንበት፣ በሚኒያፖሊስ ከተማ ፊሊፕስ ሰፈር በተከራየሁት ቤት፣ ዛሬ ቅዳሜ ኅዳር ፲፫ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.፣ በሚካኤል ማግሥት፣ ይህን የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። በሽታው የያዘው ጉበቴን ነው፤ አእምሮዬን አልነካውም። ቢነካው ኖሮ የማስታውሰውን ሁሉ ረስቼ በተገላገልሁ ነበር። ማንም አላስገደደኝም፤ ማንም አልለመነኝም፤ እንዲያውም ይህን ቃል እንድሰጥ የፈለገ ሰው የለም።

ቃሌን የሚጽፈው የእድራችን ጸሐፊ አቶ ኤጀታ ነው። እኔም መጻፍ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ፊደል የቆጠርሁት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ስለሆነ እጄ ይዘገያል፤ አሁን ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ምስክሮቼ ጎረቤቴ ወይዘሮ ሙፈሪያትና የሟቹ ባለቤቴ ወንድም አቶ አለልኝ ናቸው። በአገራችን ምስክር የሆነ ሰው አይወርስም ሲባል ሰምቻለሁ፤ አለልኝን ምስክር ያደረግሁት ስለዚሁ ነው።

«ይሄንንም ልጻፈው፣ እትዬ?» ብሎ ኤጀታ ጠየቀኝ።

ጻፈው አልሁት። በዚህ ክፍል ውስጥ የሚባለውን ሁሉ፣ የምስክሮቹንም ንግግር ጭምር እንዲጽፍ አዝዣለሁ። ከሞትሁ በኋላ «እንዲህ አላለችም» የሚል አይጠፋም።

አንደኛ፤ ስለ ሥጋዬ። እድሩ ሬሳዬን አገር ቤት ለመላክ አይድከም። በባለቤቴ በበሪሁን አጠገብ ቅበሩኝ። ብርዱ ጠንቶ መሬቱ አልቆፈር ቢል በረዶው እስኪቀልጥ አቆዩኝ፤ መጠበቅ ለምጃለሁ። በለቅሶዬ ላይ ስለ ደግነቴ የሚናገር ሰው ቢነሣ አትመኑት፤ እኔን ከሌላ ሰው ጋር አሳስቶ ነው።

ሁለተኛ፤ የወጥ ቤት ዕቃዬን፣ ትልቁን ፍሪዘርና የልብስ ስፌት መኪናዬን ለወይዘሮ ሙፈሪያት ሰጥቻለሁ። እሷም ምስክር ስለሆነች፣ በኑዛዜ ሳይሆን ዛሬ በቁሜ ያስረከብኋት መሆኑ ይታወቅልኝ። ምክንያቱም፦ በበሪሁን ለቅሶ በዚህ ቤት ከተሰበሰበው ክርስቲያን ሁሉ መካከል ስለ ልጄ «ልጅቷን ተዉአት» ብላ የተናገረች እሷ፣ አንዲት የወሎ ሙስሊም ብቻ ነበረች።

«ፍሪዘሩ እኮ በደረጃው አያልፍም ፀዳልዬ» አለች ሙፈሪያት።

«በሩን ፍቱት።»

«ቤቱ የኪራይ ነው!»

«እኔን ይክሰሱኝ» አልኋት።

ሦስተኛ፤ የአንገት ወርቄና መስቀሌ ለአንዲት ልጄ ለኤልሻዳይ በሪሁን ይሁን። እንደማታደርገው አውቃለሁ። ትሽጠው።

አራተኛ፤ ስለ ዕዳ። ከማንም አልተበደርሁም። ወደ እኔ የሚመለስ ግን አንድ ነገር አለ፤ እሱም በዚህ ክፍል የቆመው የፒያኖ ክዳን ቁልፍ ነው። የወሰደው እዚህ የተቀመጠው አለልኝ ነው። ነገሩን ከሥሩ እናገራለሁ።

በሪሁን አዲስ አበባ ሳለ በፖሊስ ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ክላርኔት ይነፋ ነበር። እዚህ መሀል ከተማ በሚገኝ የመኪና ማቆሚያ ፎቅ ውስጥ በመስታወት ክፍል ተቀምጦ ትኬት ይቀበል ነበር። አንድ ቀን ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ካለ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ወፍራም ሣጥን ታቅፎ መጣ። በውስጡ ከሞተ መቶ ዓመት ያለፈው የአንድ ፈረንሳዊ የሙዚቃ ደራሲ፣ የጋብርኤል ፎሬ፣ ሙሉ ሥራዎች በሲዲ ተደርድረው ነበር።

«ሙሉ ነው» አለኝ። «ከልጅነቱ እስከ ሞቱ፣ አንድም አልጎደለ። ፀዳለ፣ በሕይወቴ ሙሉ የሆነ ነገር ኖሮኝ ያውቃል?»

እኔ በዚያ ሳምንት የበረዶ ጫማ አልነበረኝም። የሰውዬው ስም የመልአኩ ስም ስለሆነ ብቻ ዝም አልሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቴ የሁለት ወንዶች ቤት ሆነ። በሪሁን ሲዲዎቹን በተራ እንጂ እየዘለለ አይሰማም ነበር፤ አንዱን ደጋግሞ ሳይጠግብ ወደ ቀጣዩ አያልፍም። «ሰው ዕድሜውን እየዘለለ ይኖራል?» ይላል። ከእኔ ጋር የተቀመጠበት ጊዜ ከፈረንሳዊው ጋር ከተቀመጠበት ያንሳል። ሰውዬው በስተርጅና ጆሮው እንደ ከዳው፣ የመጨረሻ ሥራውን ሲጫወቱት ሳይሰማ እንደ ሞተ የነገረኝም እሱ ነው። ያን ጊዜ ጥቂት አዘንሁለት። ከዚያ በቀር አልወደውም፤ ዛሬም አልወደውም።

ልጄ ግን ወደደችው። አንድ ቤተ ክርስቲያን ለሚያነሣው ሰው በነጻ የሰጠውን ይህን ፒያኖ የእድሩ ጎረምሶች እየተሳደቡ በደረጃው አወጡልን። ልጄ በእሱ ላይ አደገች። እኔም ፊደል የተማርሁት በእሱ ላይ ነው። ኤልሻዳይ ልምምዷን ስትጨርስ ክዳኑን ዘግታ ወረቀት ትዘረጋበትና፣ በሰንበት ትምህርት ቤት የተማረችውን ሀ ሁ እየጻፈች «ማሚ፣ ያንቺ ተራ» ትለኛለች። ሳጣምመው ትስቃለች። በዚህ አገር ከእኔ ጋር የተሳቀበት ዘመን ያ ነው።

ለሙዚቃ ኮሌጅ መግቢያ እንድትፈተን በተጠራች ጊዜ ከሲዲዎቹ የቀረው የመጨረሻው ብቻ ነበር። በሪሁን አልሰማውም አለ። «ልጄ ኮሌጅ የገባች ቀን ሦስታችን ተቀምጠን እንሰማዋለን» ብሎ ማለ። በዚያው የበረዶ ወራት፣ በጥምቀት ሰሞን፣ በመስታወት ክፍሉ ውስጥ እንደ ተቀመጠ ልቡ ቆመ።

ሬሳው ገና ሳይቀበር፣ ለቀስተኛው ቤቱን ሞልቶት ሳለ፣ ኤልሻዳይ ወደ ፒያኖው ሄዳ አባቷ የሚወደውን ቀስ ያለውን የፎሬን ዜማ መጫወት ጀመረች። አለልኝ ከወንበሩ ተነሣ።

«የወንድሜ ሬሳ አፈር ሳይለብስ በቤቱ ዘፈን?»

«ዘፈን አይደለም አጎቴ። ለአባዬ ነው።»

«ሰው ምን ይለናል?»

ክዳኑን ዘጋው፤ ቆለፈው፤ ቁልፉን ኪሱ ከተተው። «እስከ አርባው» አለ። አልቃሿ እየገጠመች ደረቷን ስትመታ ውኃ ይቀርብላት ነበር። ልጄ በጣቷ ስታለቅስ ተቆለፈባት።

ፈተናው ከአርባው በፊት ነበር። ሐዘንተኛ ከቤት አይወጣም ብለው ስለ ከለከሏት የትምህርት ቤቱንም ፒያኖ አላገኘችም። ለቀስተኛው በሚበላበት ጠረጴዛ ጫፍ ላይ፣ ያለ ድምፅ፣ በባዶ እንጨት ስትለማመድ አይቻታለሁ። «ልጅቷን ሐዘን ነካት» አሉ። ለፈተናው ግን ወጥታ ሄደች። መሀል ላይ ጣቶቿ ቆሙ። አርባው ወጥቶ ቁልፉ ሲጠየቅ አለልኝ «ጠፋኝ» አለ። መዶሻ አምጥቼ ልስበረው ብል «ዶንት ተች ኢት፣ ማሚ። እንደ ተቆለፈ ይሁን» አለችኝ።

ያው እንደ ተቆለፈ ነው። እሷ ዛሬ ፍሪድሊ ውስጥ የሰው ልብ ምት የሚጠብቅ መሣሪያ በሚሠራበት ድርጅት ትሠራለች። በመኪና ቅርብ ነው። ለፋሲካ ትደውላለች።

አምስተኛ፤ የፎሬ ሙሉ ሥራዎች፣ ያልተሰማው የመጨረሻው ሲዲ ጭምር፣ ለኤልሻዳይ ይሁን ብዬ አጻፍሁ። በዚህ ጊዜ ሙፈሪያት «እሷ ሳትሰማ?» ብላ ስልኳን አወጣችና ደወለች።

«ኤልሹ፣ ሙፈሪያት ነኝ። እናትሽ ኑዛዜ ላይ ናት። ስፒከር ላይ ነሽ፣ እንዳትሳደቢ።»

«ኦኬ… ሃይ ማሚ።»

«የአባትሽን ሙሉ ሥራዎች ላንቺ አድርጌያለሁ» አልኋት።

«የአባዬ አይደሉም እኮ። የፎሬ ናቸው።»

«ያው ነው።»

«ማሚ፣ ሲዲ ማጫወቻ እንኳ የለኝም። ሁሉም ስልኬ ላይ አለ። ኤቭሪቲንግ። ዶኔት አድርጉት፤ ለሚፈልግ ስጡት።»

«የመጨረሻውንም?»

ከኋላዋ መኪና ሲያልፍ ተሰማ።

«እሱን ሰምቼዋለሁ» አለች።

«መቼ?»

«አባዬ የሞተ ጊዜ። ከፈተናው ወጥቼ፣ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ፣ በስልኬ። ብቻዬን።»

እኔ ያን ሲዲ ለሦስት ሰው ብዬ አቧራውን ስጠርግ ኖሬአለሁ።

«ይህ ሰው ቆልፎብሽ ነው እንጂ…» አልኋት።

«እሱ ቆለፈው። አንቺም እዚያው ነበርሽ፣ ማሚ።»

«ፍራሽ ላይ ነበርሁ! ሐዘንተኛ አፍ አለው?»

«አይ ኖው። አይ ኖው። ሥራ ላይ ነኝ፤ እደውላለሁ።»

ዘጋችው። ኤጀታ እስክሪብቶውን አንሥቶ አየኝ። «አንቺም እዚያው ነበርሽ» ያለችውንም ጻፈው አልሁት። ጻፈው።

ከዚህ በኋላ አለልኝ፣ እስካሁን ቃል ያልተነፈሰው፣ የመኪናውን ቁልፎች ከኪሱ አወጣ። ከመካከላቸው አንዲት ትንሽ የናስ ቁልፍ በጥፍሩ ፈልቅቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ጠፍቶ አልነበረም» አለ።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ከካምሪህ ቁልፍ ጋር?» አለች ሙፈሪያት። «ኪስህ አልተበሳም?»

«ፈተናውን እንደ ወደቀች ስሰማ አፈርሁ። ስውል ሳድር ደግሞ መመለሱ የባሰ አሳፈረኝ።» ወደ እኔ ዞረ። «አሁን ለማን ልስጠው፣ ፀዳለ?»

የሚቀበለው ሰው አልነበረም። ስለዚህ አምስተኛውን ቃሌን እለውጣለሁ። የፎሬ ሙሉ ሥራዎች ከማጫወቻው ጋር ለአቶ አለልኝ ይርዳው ይሁን። እንዲወርስ ከምስክርነት ሰርዤዋለሁ፤ በቦታው ኤጀታ ራሱ ይፈርማል። አለልኝ የሚወርሰው በዚህ ግዴታ ነው፦ እኔ በሞትሁ ጊዜ፣ ለቀስተኛው በተሰበሰበበት፣ ከመጀመሪያው ሲዲ ጀምሮ በተራ፣ ሳይዘልል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያሰማ። እስከ አርባዬ ይጨርሰው። የመጨረሻውንም ይጨምር።

«ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ እትዬ?» አለ ኤጀታ።

«ለቅሶ ቤት ውስጥ።»

«ሰው ምን ይለኛል?» አለ አለልኝ።

«ለልጄ ያልሃትን ይልሃል።»

እንደማያደርገው አውቃለሁ። ቢያደርገውም አንዱ ሽማግሌ ተነሥቶ ያጠፋበታል። ባያጠፋውም እኔ አልሰማ፤ ልጄም ከለቅሶዬ ላይ ብዙ አትቀመጥም። ቢሆንም ቃሌ ይኸው ነው።

ስድስተኛ፤ ምክር። የሚሰማኝ ስለሌለ ብዙ አልመክርም። ለኤልሻዳይ ግን ይህ ይነገራት፦ ለእኔ ልታለቅሺ ብትፈልጊ ማንንም አታስፈቅጂ። ባትፈልጊም ማንም አያስገድድሽ።

ይህን ኑዛዜ ያፈረሰ ይረገም ማለት የተለመደ ነው። እኔ አልረግምም። ርግማኔ ሰሚ ቢኖረው ኖሮ ገና ድሮ በደረሰ ነበር።

ቃሌ ተነብቦልኝ አምኜበታለሁ። ኤጀታ የማኅተም ቀለም አቀረበልኝ፤ ጣቴን አልነክርም አልሁት። ወንበሬን ወደ ፒያኖው እንዲገፉልኝ ጠየቅሁ። አለልኝ ሊከፍትልኝ የፈለግሁ መስሎት ቀድሞኝ ደረሰ፤ ቁልፉን ሰካው፤ አዞረው። ቀጭ ሲል ሁላችንም ሰማን። እጁን ክዳኑ ላይ አኖረ።

«አትክፈተው» አልሁት። «ልፈርምበት ነው።»

ተናዛዥ፦ ፀዳለ ወልደ ሰንበት፣ በገዛ እጄ

ምስክር፦ ሙፈሪያት ሰይድ

ምስክርና ጸሐፊ፦ ኤጀታ ፊሮምሳ

ከምስክርነት የተሰረዘ፦ አለልኝ ይርዳው፤ ቁልፉን አስረክቧል።